ሦስት የመዳብ ስፌት ያላት ሲኒ

ኡልካን አፓ ባለፈው መኸር፣ ድንች ተቆፍሮ ባለቀ ሰሞን፣ ዘጠና ዓመት ሞላቸው። ሞላቸው የሚለው እንግዲህ ወረቀቱ ነው። የዚያን ዘመን የመንደራችን ጸሐፊ ሕፃን በተወለደ ቁጥር መዝገብ መግለጥ ይታክተው ስለነበር፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን ያጠራቅምና ሁሉንም በአንድ ቀን ይጽፋቸው ነበር ይባላል። ስለዚህ ከኢሲክ ኩል ሐይቅ በስተደቡብ ባለችው መንደራችን ልደታቸው በአንድ ቀን የሚውል አሥራ ሰባት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ኡልካን አፓና ሳልኪን አፓ፤ አፓ የምንለው አሮጊትን በክብር ስንጠራ ነው። ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነ ወረቀቱ ስለማይናገር፣ ሁለቱ ራሳቸው ሲናገሩበት አርባ ዓመት አለፈ።

ዓመቶቻችን የእንስሳ ስም አላቸው፤ አሥራ ሁለት እንስሳት በተራ ይመጣሉ። ኡልካን አፓ የፈረስ ዓመት ልጅ ነኝ ይላሉ። ሳልኪን አፓ የበግ ዓመት ናቸው፤ በግ ደግሞ ፈረስን ተከትሎ ነው የሚመጣው።

"ፈረስ?" ይላሉ ሳልኪን አፓ። "እሷ ፈረስ ከሆነች እኔ ግመል ነኝ። እናቴ እኔን ጡት ስታስጥለኝ ነው ይቺ የተወለደችው። የጦጣ ዓመት ናት።"

ጦጣ ከበግ ቀጥሎ ይመጣል።

ነገሩ እንዲያው የአሮጊቶች ወግ እንዳይመስላችሁ። በኛ ዘንድ ከሁሉም ታላቅ የሆነው ሰው ከበሩ ትይዩ፣ ከክብር ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ሥጋው መጀመሪያ ለእሱ ይቆረጣል፤ ምርቃቱን እሱ ይመርቃል። ታናሽ የሆነው፣ ዘጠና ዓመቱም ቢሆን፣ ወደ ሳሞቫሩ፣ ወደ ትልቁ የሻይ ማፍያ፣ ወረድ ብሎ ሻይ ይቀዳል። ሁለቱ አፓዎች ግን ለአርባ ዓመት ሰርግ ቤት በር ላይ ይጠባበቁና እኩል ይገባሉ፤ አንዱ ትራስ ላይም እየተጋፉ ይቀመጣሉ። ብልህ የሆነች ባለቤት አስቀድማ ሁለት ትራስ ጎን ለጎን ታደርጋለች። ያልገባት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሁለት አሮጊቶች በክርን ሲደቋቆሱ ታያለች።

ኡልካን አፓ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ አመላላሽ ነበሩ። ባላቸው አሣ አጥማጅ ነበር፤ ገና በወጣትነቱ ሞተ። እሳቸውም አንድ ልጃቸውን ከአማታቸው ጋር ትተው፣ የመንግሥት ፈረስ ላይ ወጥተው፣ የቆዳ ቦርሳ አንግተው ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። በጋ ሲሆን መንጋ ወዳለበት ተራራም ይወጣሉ። ማንበብ ለማይችል ያነቡለታል፤ መጻፍ ለማይችል ይጽፉለታል። ያልተጻፈ ሰላምታም ጨምረው እንደሚያነቡ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የተቀየመ የለም። የሞት ዜና የያዘ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ከሁሉ መጨረሻ ያደርሱታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄዱበት ቤት ስለሌለ እዚያው አብረው ያመሻሉ። እንዲህ ያለ ቀን ሲሆን ደብዳቤውን ሳያወጡ "እስቲ መጀመሪያ ሻይ አፍሉ" ይላሉ። ፀሐይ በሚያቃጥልበት አንድ የሐምሌ ቀን ግን እውነት ውሃ ጠምቷቸው አንድ ቤት ገቡና "እስቲ ሻይ አፍሉ" አሉ። የቤቱ ሴቶች ጸጉራቸውን ፈትተው ልቅሶ ጀመሩ። ኡልካን አፓ ከቦርሳቸው ያወጡት የዚያን ቤት ልጅ የሹመት ደብዳቤ ነበር። እስከ ዛሬ ያ ቤት ሻይ ቶሎ የሚፈላበት ቤት ነው።

አሁን ስለ ሲኒዋ ልንገራችሁ። እጀታ የላትም፤ መዳፍ ሙሉ የምትሆን ነጭ የሻይ ሲኒ ናት። ከአፏ እስከ ወገቧ ተሰንጥቃ ነበርና አንድ ዘዋሪ ሸክላ ጠጋኝ በሦስት ትናንሽ የመዳብ ስፌቶች ሰፍቷታል። ሁለተኛው ስፌት ድረስ ከቀዳችሁባት ጠብታ አይወጣትም። ከዚያ ካለፋችሁ ግን ታፈሳለች።

እንግዳ ሲመጣ ሻይ በሙሉ ሲኒ አይቀዳለትም። ሙሉ ሲኒ "ጠጣና ሂድ" ማለት ነው። ጎደል ያለ ሲኒ ግን "ቆይ፣ ገና እቀዳልሃለሁ" ይላል። ለአዲስ ሙሽራ ይህን ልክ ማወቅ ከባድ ነው፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የአማቶቿ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። ኡልካን አፓ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ተድረው ሲመጡ አማታቸው ይቺን ሲኒ ሰጥተው "ከሁለተኛው ስፌት አትለፊ" አሏቸው። ሌላ ምክር አልሰጧቸውም። እሳቸው በተራቸው ልጃቸው ዙራን ሲያገባ ለዙራ ሰጧት። ዙራም እጇ ልኩን ሲለምድ መልሳ ለአማቷ አስረከበች።

ቀጣይዋ ሚሪም ናት፣ የዙራ ልጅ። ሚሪም ወረዳው ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጠብታ ቆጥራ መስጠት ታውቃለች፤ ሻይ ግን እስከ አፉ ድረስ ነው የምትሞላው። ሲኒዋ የእሷ እንደምትሆን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ተነግሯታል። ከልደቱ ድግስ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ናሪን ከተማ ላለ ልጅ ልትዳር ነበር። እዚያ ቤት አማቷ፣ የአማቷ ወንድሞች፣ የወንድሞቹ ሚስቶች በረድፍ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

የዘጠና ዓመት ድግስ ሲደረግ እንግዳው ባዶ እጁን አይወጣም። ብዙ ከኖረ ሰው ቤት አንድ ነገር ይዞ መውጣት ዕድሜ ያስረዝማል፤ ቴበሪክ እንለዋለን፣ በረከት ማለት ነው። ሲኒም ሆነ ማንኪያ፣ ቁልፍም ሆነ ማበጠሪያ፣ እጅ ላይ የገባ ሁሉ ኪስ ውስጥ ይገባል። ባለቤት ያያል፤ እንዳላየ ይሆናል። እኔም ከዚያ ድግስ አንድ ማንኪያ ወስጃለሁ፤ አልክድም። ዙራ ይህን ስለምታውቅ ስልሳ ርካሽ ሲኒ ከገበያ ገዝታ አሰልፋ፣ ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ዱቄት ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

"የኔን ሲኒ ስጪኝ" አሉ ኡልካን አፓ በድግሱ ጠዋት።

"አፓ፣ ዛሬ እንኳ በሌላ ይጠጡ።"

"በልደቴ ቀን በሰው ሲኒ ልጠጣ?"

"ይወስዱብዎታል።"

"ከእጄ ላይ? ሠላሳ አንድ ዓመት ያገር ደብዳቤ ይዤ አንድ አልጠፋብኝም።"

ዙራ ሰጠቻቸው። ቀትር ላይ የድሮ የፖስታ ቤት አለቃቸው ልጅ ሊስማቸው መጣ። ኡልካን አፓ ሁለት እጃቸውን ሊዘረጉለት ሲኒዋን ምንጣፉ ላይ አኖሯት። ዞር ሲሉ የለችም። ከሁሉ የሚፈለገው ደግሞ ባለ ዕድሜው ራሱ የጠጣበት ዕቃ ነው።

ያን ቀን ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። የተወሰደ በረከት መልሱልኝ አይባልም፤ ያን ማለት የወሳጁን ዕድሜ ቆርሶ እንደመውሰድ ይቆጠራል። ዙራ ስታጥብ አመሸች፤ ቃል አልተናገረችም። ይህ ዝምታዋ ነበር ኡልካን አፓን ያስቸገራቸው።

"በይ እንጂ፣ 'ነግሬዎት ነበር' በይኝ" አሉ በማግስቱ።

"ምን እላለሁ? አስበዋለሁ እንጂ አልልም።"

ሚሪም ደግሞ "ግድ የለም አፓ፣ ምልክት ያለው ሲኒ እገዛለሁ" አለች፤ እንባዋ ግን ዓይኗ ላይ ነበር። ኡልካን አፓ ካፖርታቸውን ለበሱና ከዘራቸውን አነሡ።

"መልሱልኝ ማለት አይቻልም። ሻይ መጠጣት ግን የከለከለን የለም። ከሥራ ስትወጪ ወደኔ ነይ።"

እንዲህ ሆኖ የድሮውን የደብዳቤ መንገዳቸውን እንደገና ያዙት፣ አሁን በእግር፣ ሚሪምን ተደግፈው። በየቤቱ ገብተው ሻይ ይጠጣሉ፤ ዓይናቸው መደርደሪያ መደርደሪያውን ያያል። ሰዉ የወሰደውን አይደብቅም፤ እንዲያውም ኩራቱ ነው። የሾፌሩ ሚስት "ይኸው ማበጠሪያዎ" ብላ ከአልጋዋ ራስጌ አሳየቻቸው። አስተማሪው አንድ እግር ነጠላ ጫማቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

"ከድግሱ ወዲህ ስፈልገው የሰነበትኩት ይሄ ነው?" አሉ ኡልካን አፓ።

"ሌላኛውን እግር ወንድሜ ወስዶታል" አላቸው አስተማሪው በደስታ።

በአሥር ቀን ሃያ ሁለት ቤት ገቡ። የኡልካን አፓ ሆድ እንደ ሳሞቫር ተነፋ። የቀረው የሳልኪን አፓ ቤት ብቻ ነበር፤ ሠርጉም ከነገ ወዲያ ነው።

"እዚያ አይሆንም" አሉ ኡልካን አፓ። "ቴበሪክ ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው የሚወርደው። ሳልኪን ከኔ ቤት ዕቃ ከምትወስድ ጥርስ ብታበቅል ይቀላታል። ድግሴ ላይ ምን እንዳለች ሰምተሻል? 'ለልጅ ልደት ጥሩ ደግሳችኋል' አለች።"

"ሌላ ቤት ግን የለም፣ አፓ።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄዱ። በሩን የከፈተችው የሳልኪን አፓ ምራት ጉልባራ ነበረች። ኡልካን አፓን ስታይ ፊቷ እንደታጠበ ጨርቅ ነጣ።

"ማነው?" አሉ ሳልኪን አፓ ከውስጥ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ከጥላ በቀር አያዩም።

"የፈረስ ዓመት ልጅ ነኝ" አሉ ኡልካን አፓ።

"ፈረስ ከሆንሽ በረቱ በጓሮ በኩል ነው። ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ።"

ተቀመጡ። ቦርሶክ የምንለው በዘይት የተጠበሰ ሊጥና የአፕሪኮት ማርማላታ ቀረበ። ጉልባራ ሻይ ልትቀዳ ስትል ሳልኪን አፓ እጃቸውን ዘረጉ።

"ለኔ በሲኒዬ።"

"እናቴ፣ ሲኒዎ አልታጠበም። ዛሬ በዚህኛው ይጠጡ።"

"ባይታጠብስ፣ የነካው የኔው አፍ ነው። አምጪው።" ወደ እንግዶቹ ዞሩ። "ይቺ ልጅ ሰሞኑን ከገበያ አንድ ሲኒ አመጣችልኝ። እንደሱ እጄ ላይ የተመቸኝ የለም። የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ በጣቴ ይታወቀኛል። ከሞላ ያፈሳል እንጂ ሻዩስ ይጣፍጥበታል።"

ጉልባራ ከመጋረጃው ጀርባ ሲኒዋን አመጣች። ሦስቱ መዳቦች ከመስኮቱ በገባው ብርሃን አብለጨለጩ። ሚሪም የአያቷን ክንድ ጨበጠች።

ኡልካን አፓ ዓይናቸውን ሲኒዋ ላይ ተከሉ። አርባ ዓመት የተከራከሩበት ነገር ፊታቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣበታል። አንድ ቃል ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ "ሳልኪን፣ የምትጠጪው በኔ ቴበሪክ ነው።" እስከ ምሽት ድረስ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ የሳልኪን ቤት ከኡልካን በረከት ወስዷል፣ እንግዲህ ታላቋ ኡልካን ናት ይባላል፣ ያልቃል። ሲኒዋ ግን እዚያው ትቀራለች፤ የድሉ ማስረጃ እሷው ናትና። ሚሪምም ባዶ እጇን ናሪን ትሄዳለች።

ጉልባራን አዩዋት። በማንቆርቆሪያው እጀታ ላይ ጣቶቿ ነጥተዋል። በጋውን ሳልኪን አፓ ሳንባቸውን ታመው ሁለት ወር እንደተኙ፣ ይቺ ምራትም አጠገባቸው እንደከረመች መንደሩ ያውቃል። ለማን ዕድሜ ብላ እንደወሰደችው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

"ሳልኪን" አሉ ኡልካን አፓ።

"እህ።"

"የጦጣ ዓመት ነኝ።"

ሳልኪን አፓ ሲኒዋን ከአፋቸው አራቁ።

"ምን አልሽ?"

"ሰምተሻል።"

"ጆሮዬ ደክሟል። ድገሚው።"

"ጦጣ ነኝ አልኩሽ። ጦጣ።"

"ጉልባራ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ እናቴ።"

"አንቺስ ልጅ?"

"ሰማሁ፣ አፓ" አለች ሚሪም።

ሳልኪን አፓ ወደ ድምፁ ጎንበስ አሉ። "ታመሻል እንዴ? ሐኪም አይቶሻል?"

"ደህና ነኝ። የልጅ ልጄ ከነገ ወዲያ ታገባለች። ከመንደሩ ታላቅ እጅ ቴበሪክ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ታላቃችን አንቺ ከሆንሽ፣ የምትጠይቀው አንቺን ነው።"

ሚሪም ገብቷት ተንበረከከች። ሳልኪን አፓ ፊታቸው በራ።

"ደግ ነው። ጉልባራ፣ መደርደሪያውን ክፈቺላት። ወርቅ ቅብ ያለበት አለ፣ ከታሽኬንት የመጣ። የፈለግሽውን አንሺ ልጄ።"

"አፓ፣ እኔ የምፈልገው አሁን የሚጠጡበትን ነው።"

ሳልኪን አፓ ሲኒዋን መዳፋቸው ውስጥ አዞሯት። አውራ ጣታቸው በስፌቶቹ ላይ ወጣ፣ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ጣታቸው ቆመ፤ አንገታቸውን ወደ ኡልካን አፓ ቀና አደረጉ፣ እንደሚያይ ሰው ረጅም ጊዜ።

"ቆይ" አሉ በመጨረሻ። "የቀረውን ልጨርሰው።"

ሻይ እንደዚያን ቀን ቀስ ተብሎ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም ብላለች ሚሪም። ሲጨርሱ ሲኒዋን በሁለት እጃቸው ሰጧትና መረቋት፤ እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ ቤትሽ እንግዳ አይጣ፣ እንደኔ ኑሪ። ከዚያ ትራሳቸው ላይ ተደላደሉ።

"በይ እንግዲህ፣ ታናሼ። ማንቆርቆሪያው ይጠብቅሻል።"

ኡልካን አፓ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ከክብር ቦታው ወርደው ሳሞቫሩ አጠገብ ተቀመጡና በአንድ ተራ ሲኒ ቀዱላቸው። ሳልኪን አፓ ጣታቸውን ወደ ሲኒው ሰደድ አድርገው ልኩን ዳሰሱ።

"ጦጣ ብትሆኚም ጥሩ ትቀጃለሽ" አሉ።

ከቤቱ ከወጡ በኋላ መንገድ ላይ ሚሪም መጠየቋ አልቀረም።

"አፓ፣ እውነት የጦጣ ዓመት ነዎት?"

"እኔ ስወለድ አላየሁም" አሉ ኡልካን አፓ። "ሲኒዋን ካፖርትሽ ውስጥ ክተቻት። ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው ዕድሜ እንዲያምረው አልፈልግም።"

ጉልባራ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እንግዶቹ ወጥተው በሩ እንደተዘጋ ሳልኪን አፓ አስጠርተዋታል። "ሁለተኛ ስትሰርቂልኝ" አሏት፣ "ካንድ ታላቅ ሰው ቤት ስረቂ። ጦጣ ምን ዕድሜ አላት።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ሳልኪን አፓ ትራሱን ብቻቸውን ያዙት። የገባ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ኡልካን አፓን ፍለጋ ዓይኑን ያዞራል። እሳቸው ሳሞቫሩ ሥር እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ለመቶ ሰው ሻይ ይቀዳሉ። አዝነው እንደሆነ ብለን አጠገባቸው ተቀመጥን። አላዘኑም። "አርባ ዓመት ሙሉ ከላይ ተቀምጬ ምርቃት ብቻ ስሰማ" አሉን፣ "ወሬው ሁሉ እዚህ ታች ነበር ለካ።" እስከ ማታ ድረስ የሦስት መንደር ምስጢር ሰብስበው ነበር።

አሁን ሳልኪን አፓ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጉልባራን ተደግፈው ይመጣሉ፤ ታናሻቸው እንድትቀዳላቸው። ሚሪም ከናሪን ስልክ የደወለች ዕለትም እዚያው ነበሩ። ዙራ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ምንጣፉ መሐል አስቀመጠችው።

"ፈሰሰ?" አሉ ኡልካን አፓ፣ ሰላምታ ሳይሰጡ።

"አንዴ።"

"ማን ላይ?"

"የራሴው ጉልበት ላይ።"

"እኔም መጀመሪያ ቀን ጉልበቴ ላይ ነው ያፈሰስኩት። ትልቁ አማትሽስ?"

"ሦስት ጊዜ አስቀዱኝ። ከዚያ ሲኒዋን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩና 'የማን ናት?' አሉኝ። የሁለት አሮጊቶች ናት አልኳቸው። ስማቸውንም ነገርኳቸው።"

ሳልኪን አፓ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "የማንን ስም አስቀደምሽ?"

ሚሪም አፏን ከመክፈቷ በፊት ኡልካን አፓ ስልኩ ላይ መዳፋቸውን ጫኑበት።

"ያንቺን ነው" አሏቸው፤ ማንቆርቆሪያውንም አነሡ።